ጠመንጃ አልባ ትግል የሚቆመው በማን ትከሻ ላይ ነው?

አሰላሳይ (ውይይቱን የከፈተ)

ውድ ተሳታፊዎች፣ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ግጭት በተነጋገርን ቁጥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ሲቆጠሩ አያለሁ፦ ማንኛውንም ጦርነትና ግድያ በመርሕ የሚቃወመው አቋም፣ ጠመንጃ ሳያነሡ በደልን የሚታገሉበት ስልት፣ እንዲሁም እጅና እግርን አጣጥፎ መቀመጥ። ሦስቱ ካልተለዩ ሳንደማመጥ መከራከራችን ስለማይቀር፣ አስቀድሜ በእኔ አረዳድ ልለያቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ፓሲፊዝም የሚባለው ነው። ቃሉን በ1901 ግላስጎው ላይ በተካሄደ የሰላም ጉባኤ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኤሚል አርኖ ሲሆን፣ አቋሙ ግን ከቃሉ እጅግ ይቀድማል። ኩዌከር የተባሉ የክርስትና እምነት ተከታዮች በ1660 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ ባቀረቡት መግለጫ፣ ለየትኛውም ዓላማ ቢሆን የጦር መሣሪያ እንደማያነሡ አስታውቀው ነበር። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ያዋጣል ወይ?» ሳይሆን «ይፈቀዳል ወይ?» ነው። ሁለተኛው ሰላማዊ ትግል ነው፤ ይህኛው ስለ ውጤት የሚያስብ፣ የሚያቅድ፣ የባላጋራውን ጉልበት የሚመዝን ትግል ነው። ሦስተኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ እርሱ ከሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም።

ጋንዲ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1906 ጆሃንስበርግ ላይ ሕንዳውያን ተሰብስበው አዋራጅ የምዝገባ ሕግ ላለመቀበል ከማሉ በኋላ ለትግላቸው የተሰጠውን «ዝምተኛ ተቃውሞ» የሚመስል የእንግሊዝኛ ስም አልወደደውም፤ የደካሞች መሣሪያ ያስመስለዋል ብሎ «እውነትን አጥብቆ መያዝ» የሚል ትርጉም ያለውን «ሳትያግራሃ» የሚለውን መጠሪያ መረጠ። በ1920 ደግሞ ፈሪነትና ኃይል ብቻ ለምርጫ ቢቀርቡ ኃይልን እንደሚመክር ጽፏል። ይህን የጻፈ ሰው ስለ መንበርከክ ይሰብክ ነበር ማለት አይቻልም።

የ1930ውን የጨው ጉዞ ልብ ብለን እንመልከተው። ጋንዲ ማርች 12 ቀን ሰባ ስምንት ተከታዮቹን ይዞ ተነሣ፤ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ኤፕሪል 6 ቀን ዳንዲ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ጥቂት ጨው ከመሬት አነሣ። የቅኝ ገዢው መንግሥት የጨውን ምርትና ሽያጭ ለብቻው ይዞ ቀረጥ ይጥልበት ስለነበር ድርጊቱ ወንጀል ነበር። የምርጫው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጨው የማይቀምስ ሰው ስለሌለ፣ ይህን ሕግ ለመጣስ ሀብትም ትምህርትም ወጣትነትም አያስፈልግም ነበር። አሮጊቷም ሕፃኑም ሊጥሱት ይችላሉ። በዚያው ዓመት ከ60,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ሜይ 21 ቀን በዳራሳና የጨው ማምረቻ በር ላይ ሰልፈኞች በረድፍ እየሆኑ ወደ ፊት ሲራመዱ ፖሊሶች ብረት በተለበጠ ዱላ ይፈነክቷቸው ነበር፤ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር በቦታው ተገኝቶ እንደ ዘገበው፣ ምቱን ለመመከት እንኳ ክንዱን ያነሣ ሰው አልነበረም። አንዱ ረድፍ ሲወድቅ ሌላው ይተካ ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። በዳራሳና የተፈነከተው ሰው ዋጋውን የከፈለው ወዶና ፈቅዶ ነው። እኛ ግን ከሩቅ ሆነን ሌላውን ተበዳይ «በሰላማዊ መንገድ ታገል» ስንለው በምን ሥልጣን ነው? ዋጋው ተከፍሎ ምንም ሳይገኝ የሚቀርበት ሁኔታስ ከሌላው በምን ይለያል? እኔ ሰላማዊ ትግልን ከልቤ የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ስለዚህም ጠንካራውን ተቃውሞ መስማት እፈልጋለሁ።

ዘካሪ

ጥያቄውን በቅንነት ስላነሡ አመሰግናለሁ፤ ያደረጉትንም ልዩነት እቀበላለሁ። ነገር ግን ስለ ሰላማዊ ትግል ስንወያይ ሁልጊዜ ከሕንድ የምንነሣ ከሆነ መልሱን አስቀድመን መርጠናል ማለት ነው። እኔ ከቻተም ደሴቶች ልነሣ።

በኒውዚላንድ ምሥራቅ በሚገኙት በእነዚህ ደሴቶች ሞሪዮሪ የተባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ኑኑኩ የተባለ የጥንት አለቃቸው ሰውን መግደልን ከልክሎ የደነገገውን ሕግ ለብዙ ትውልድ ጠብቀው ኖረዋል። በ1835 ከዋናው ምድር የመጡ ሁለት የማኦሪ ነገዶች ጠመንጃ ይዘው ሲያርፉባቸው ሞሪዮሪዎች ጉባኤ ተቀመጡ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ እንዋጋ ቢሉም ሽማግሌዎቹ የኑኑኩ ሕግ ሊሻር አይችልም ብለው ወሰኑ፤ በሰላም አብሮ ለመኖርና ያላቸውን ለመካፈል አሰቡ። ብዙዎቹ ታረዱ፣ የተረፉት ባሪያ ሆኑ፣ እርስ በርስ መጋባት እንኳ ተከለከሉ። በ1862 በሕይወት የቀሩት 100 ያህል ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ሕሊናቸውን አማክረው ነው የወሰኑት። ሆኖም የመጣባቸው ባላጋራ የሚፈልገው መሬታቸውን እንጂ ታዛዥነታቸውን አልነበረም። የጨው ቀረጥ ጨው የሚበላ ሕዝብ ይፈልጋል፤ መሬት ግን ያለ ነዋሪው ሊወሰድ ይችላል። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፤ ይህ ልዩነት ደግሞ ጋንዲ ራሱ በ1938 ለጀርመን አይሁዶች ሰላማዊ እምቢታን ሲመክር የዘነጋው ነው። ፈላስፋው ማርቲን ቡበር በ1939 በጻፈለት መልስ፣ የሕንዳውያንና የአይሁዶች ሁኔታ ጨርሶ እንደማይወዳደር፣ ማንም ሳያየው የሚጠፋ መሥዋዕትነት ለሌላው ምስክር መሆን እንደማይችል በሐዘን አስረድቶታል። በዳራሳና ጋዜጠኛ ነበረ፤ በማጎሪያ ካምፕ አልነበረም።

መምህር 40

ዘካሪ ያነሡት የሞሪዮሪ ታሪክ ማንንም ሊያስጨንቅ የሚገባ ነው፤ በሁለት ምሳሌ ላፈርሰው አልሞክርም። ሆኖም «በናዚዎች ላይ ሰላማዊ ተቃውሞ ከንቱ ነበር» የሚለው ድምዳሜ ታሪክ በትምህርት ቤት ካስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በብዛት የሰማሁት፣ በጥቂቱም የተመረመረ አባባል ስለሆነ ጥቂት ልበል።

በ1942 በናዚ ጀርመን በተያዘችው ኖርዌይ ከናዚዎች ጋር ያበረው የክዊስሊንግ መንግሥት መምህራንን ሁሉ በአንድ ፋሺስታዊ ማኅበር ለማደራጀትና ትምህርቱን በዚያው መንፈስ ለመቅረጽ ተነሣ። ከ12,000 ያህሉ መምህራን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ቃል ያለው አጭር ደብዳቤ እየጻፉ፣ ስማቸውን እየፈረሙ እንደማይገቡ አስታወቁ። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ 1,100 ያህል መምህራንን አሰረ፤ ወደ 500 የሚጠጉትን በሰሜን ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ኪርከነስ ልኮ ከባድ ሥራ አሠራቸው። ወላጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ትምህርት በየሰው ቤት ቀጠለ። በመጨረሻ ክዊስሊንግ ዕቅዱን ተወ፤ መምህራኑም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ራሴ መምህር ስለሆንኩ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚነካኝ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን፣ በገዛ ስሙ፣ ጎረቤቱ መፈረም አለመፈረሙን እርግጠኛ ሳይሆን ደብዳቤውን በፖስታ መላኩ ነው።

በ1943 መጀመሪያ ደግሞ በበርሊን ሮዘንሽትራሰ በተባለው ጎዳና አይሁዳውያን ባሎቻቸው የታሰሩባቸው ጀርመናውያን ሴቶች ለቀናት ቆመው ጮኹ፤ ከታሰሩት አብዛኞቹ ተፈቱ። የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ እነዚያን ሰዎች መጀመሪያውኑ በምሥራቅ ወዳሉት የሞት ካምፖች ሊልካቸው አስቦ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ስለሚከራከሩ፣ ሴቶቹ ብቻቸውን አስፈቷቸው ብዬ አልደመድምም። ያለ ጥርጥር የሚታወቀው በዚያ ከተማ፣ በዚያ ወቅት፣ ለቀናት በአደባባይ መጮኻቸውና አለመገደላቸው ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የዴንማርክ ሕዝብ ከ7,000 በላይ አይሁዶችን በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስዊድን አሻገረ።

ዘካሪን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሙከራዎች ጥቂት የሆኑት ስለማይሠሩ ነው ወይስ የሞከራቸው ሰው ጥቂት ስለሆነ?

አንዲት እናት

እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ሆኖም ሁላችሁም ያለፋችሁት ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። አንድ ሰው ልጄን ሊገድል በሬን ሰብሮ ቢገባ እጄ ላይ ባገኘሁት ነገር እመታዋለሁ፤ ስለዚህም ንስሐ የምገባ አይመስለኝም። ይህን የማደርግ ሰው ጦርነትን እቃወማለሁ ማለት እችላለሁን? የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም ጦርነትን እጠላለሁ፣ ነገር ግን ግብዝ መሆን አልፈልግም።

አሰላሳይ

እህቴ፣ ጥያቄዎ የማንም ምሁር ጥያቄ ነው። በየአገሩ በሕሊና ምክንያት ውትድርናን እምቢ ያሉ ሰዎች ፍርድ ሸንጎ ፊት ሲቀርቡ ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ በ1916 ብሪታንያ የግዴታ ውትድርና ሕግ ስታወጣ ሸንጎዎቹ «እናትህን ወይም እኅትህን ጠላት ቢያጠቃት ምን ታደርጋለህ?» እያሉ ያፋጥጧቸው ነበር። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት መልስ ጦርነት የዚያ በር ሰባሪ ታሪክ ተባዝቶ የሚገኝ ነገር አይደለም የሚለው ነው። እርስዎ በር የሰበረውን ሰው ራሱን ያስቆማሉ፤ ጦርነት ግን በር ያልሰበረ፣ ምናልባትም በግዳጅ የተመለመለ የሌላ እናት ልጅ ላይ ያስተኩስዎታል፤ በዚያ ላይ ዝግጅቱ፣ ፕሮፓጋንዳው፣ የጦር መሣሪያ ንግዱ፣ ከድል በኋላ የሚቀረው ታጣቂ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ልጅዎን መከላከልና ጦርነትን መቃወም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ፍጹም ፓሲፊስት የሆነ ሰው እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ያንን አከብራለሁ።

ዘካሪ ወዳነሡት ስመለስ፣ «መሬቱን እንጂ ታዛዥነቱን የማይፈልግ ባላጋራ» ያሉት አገላለጽ የእኔን ሐሳብ ራሴ ካስቀመጥኩት የተሻለ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰላማዊ ትግል የሚሠራው ገዢ በሚገዛቸው ሰዎች ላይ ጥገኛ በሆነበት ቦታ ነው፦ በሚከፍሉት ግብር፣ በሚሠሩት ሥራ፣ በሚፈርሙት ፎርም፣ በሚነዱት ባቡር። ጥገኝነቱ በሌለበት እምቢታው የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። መሬት የሚፈልግ ወራሪም ቢሆን በራሱ ሰዎች ላይ ጥገኛ ነው፤ ያለ ታዛዥ ወታደር፣ ያለ ስንቅ አቅራቢ፣ ያለ ጸሐፊ አንድም ሰው አይገደልም። ጥያቄው የተበዳዩ እጅ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

የቀድሞ ወታደር

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እኔን ስለሚመለከት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወጣት ሳለሁ ሰልፈኛ ፊት ተሰልፌ ቆሜ አውቃለሁ። የትና መቼ እንደሆነ መናገር አልፈልግም፤ የማውቀውን ብቻ ልናገር።

በሰልፉ መስመር ላይ ያለ ወታደር ይፈራል። ይህን ከውጭ የሚያይ ሰው አያምንም፤ ጠመንጃ የያዘ እንዴት ይፈራል ይላል። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወረወር ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ይቀየርለታል፤ ሕሊናውን የሚቆረቁረው ነገር ሁሉ በዚያች ድንጋይ ይወገድለታል። «ራሴን ነው የተከላከልኩት» የሚል ቃል በእጁ ይገባል፤ ያንን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀምበታል። ድንጋይ ካልተወረወረ ግን ፍርሃቱ መሄጃ ያጣል። በዚያን ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የነበሩ ሴቶች ምንም አልወረወሩም። አዛዣችን ጥይት እንድናጎርስ ካዘዘ በኋላ ረጅም ጊዜ አለፈ። ከጎኔ የነበረው ጓዴ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ አላስቀመጥኩም፤ አልተኮስኩም ግን አላስቀመጥኩም። የተኩሱ ትእዛዝ ሳይሰጥ ቀረ፤ ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም ማንም።

ኋላ ላይ ሳነብ በኤፕሪል 1930 ያኔ በብሪታንያ በምትገዛው ሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በፔሻዋር የሆነውን አገኘሁ። የአብዱል ጋፋር ካን ተከታዮች «የፈጣሪ አገልጋዮች» የሚል ስም የነበራቸው፣ ደም መመለስ እንደ ክብር ከሚቆጠርበት ከፓሽቱን ሕዝብ የወጡ፣ ሆኖም ላለመግደል የማሉ ሰዎች ነበሩ። የብሪታንያ ጦር ቂሳ ኽዋኒ በተባለው ገበያ ብዙዎቹን ገደለ። በዚያ ሁከት መካከል ከዚያው ጦር የጋርዋል ክፍል የሆኑ ሕንዳውያን ወታደሮች ባልታጠቀ ሰው ላይ አንተኩስም ብለው እምቢ አሉ። እነርሱ ሂንዱዎች ነበሩ፣ ሰልፈኞቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች። ቻንድራ ሲንግ የተባለው መሪያቸው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ሌሎቹም ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። ይህን ታሪክ ያነበብኩበትን ሌሊት አልረሳውም።

ቆጣሪ

የተነገረው ሁሉ ከባድ ነው፤ እኔ የማመጣው ቁጥር ነውና ቅዝቃዜው ይቅር ይባልልኝ። የፖለቲካ ተመራማሪዎቹ ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ትግሎችን መርምረው፣ ከሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ ከትጥቅ ትግሎች ደግሞ 26 በመቶ ግባቸውን እንደመቱ አስታውቀዋል። ዋናው ምክንያት የተሳታፊ ብዛት ነው፤ ጠመንጃ የሚይዘው ጥቂት ወጣት ሲሆን፣ በአድማ ቤቱ የሚቀረው፣ ዕቃ ለመግዛት እምቢ የሚለው፣ መንገድ ላይ የሚቀመጠው ሁሉም ዓይነት ሰው ነው። ብዙ ሰው ሲገባ ደግሞ ከወታደሩ ዘመድ መካከል አንዱ በሰልፉ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። የቀድሞው ወታደር የተናገሩት በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ነገር ግን ይህን ጥናት እንደ መፈክር የሚያሠራጩ ሰዎች ሦስት ነገር ይዘነጋሉ። ከሕዝቡ 3.5 በመቶው ከተነሣ ድል አይቀርም የሚለው አባባል ካለፈው የተገኘ መጠን እንጂ ሕግ አይደለም፤ በ2011 በባህሬን ከዚያ የሚበልጥ ሰው ወጥቶ ተሸንፏል፤ ቼኖዌት ራሳቸውም ይህን ይናገራሉ። በተጨማሪም ከ2010 ወዲህ የሰላማዊ ትግሎች የመሳካት መጠን ከ34 በመቶ በታች ወርዷል፤ የትጥቅ ትግሎቹ ከዚያ ይበልጥ ቢወርድም። ገዢዎች ተምረዋል፤ የሚያሳድዱበት ዘዴ ረቅቋል፤ ትግሎቹ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በአንድ ሌሊት ተጠርተው አደባባይ መሙላት ላይ ተንጠልጥለዋል። የሰላማዊ ትግል ተመራማሪው ጂን ሻርፕ በ1973 የዘረዘሯቸው ስልቶች 198 ናቸው፤ ሰልፍ ከእነርሱ አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ትግል ከሰልፍ ተነሥቶ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ሰልፍ ለመተኮስ የሚመች ነው፤ ቤት ውስጥ የሚቀር ሠራተኛ ግን በጥይት ወደ ሥራ አይመለስም።

ሦስተኛው ሥልጠና ነው። በ1960 በናሽቪል ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ የምግብ ባንኮኒዎች ከመቀመጣቸው በፊት ጄምስ ላውሰን ለወራት አሠልጥኗቸዋል፤ አንዱ ተሳዳቢ፣ ሌላው ተሰዳቢ እየሆኑ ይለማመዱ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱ በ1956 መጀመሪያ ቤቱ በቦምብ ሲመታ በቤቱ ጠመንጃ ነበረው፤ እንደ ባያርድ ረስቲን ያሉ ሰዎች እያማከሩት ነው ቀስ በቀስ የተወው። በሞንትጎመሪ ጥቁሩ ሕዝብ የዘር መድልዎን በመቃወም አውቶቡስ ሳይሳፈር የቆየው 381 ቀን ነው። ማንም ሰው ሰላማዊ ታጋይ ሆኖ አይወለድም።

ዘካሪ

መምህር 40 ለጠየቁኝ መልስ አለኝ፤ ጥያቄዎ ግማሹን ሐሳቤን አስለውጦኛል። በኖርዌይ የሆነውን እንዲህ በዝርዝር አላውቀውም ነበር። የቀረውን ግማሽ ግን አልለቅም።

በኮሶቮ ከ1989 ጀምሮ አልባኒያውያን የራስ ገዝ መብታቸውን በሰርቢያ ሲነጠቁ ኢብራሂም ሩጎቫ ሕዝቡን በሰላማዊ መንገድ መራ። ከትምህርት ቤት ሲባረሩ በየመኖሪያ ቤቱ አስተማሩ፤ የራሳቸውን ክሊኒክ፣ የራሳቸውን ግብር፣ የራሳቸውን ምርጫ አቋቋሙ። ለዓመታት በዚህ ጽናት ኖሩ። በ1995 የቦስኒያን ጦርነት ያበቃው የዴይተን ስምምነት ሲፈረም ግን ስለ ኮሶቮ አንድም ነገር አልተባለም፤ የተኮሱት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ ያልተኮሱት ተረሱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ ታጣቂው ኃይል መጉረፋቸው ማንን ያስደንቃል? በ1999 ኔቶ ጣልቃ ሲገባ ዓለም የኮሶቮን ስም የሰማው ጠመንጃ ከጮኸ በኋላ ነበር። እኔ የምወቅሰው ወጣቶቹን አይደለም፤ «በሰላም ታገሉ» እያለ ሲያበረታታ ቆይቶ በሰላም ሲታገሉ ፊቱን ያዞረውን ዓለም ነው። አሰላሳይ በመጀመሪያ የጠየቁት «በምን ሥልጣን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል፦ አብሮ ዋጋ ያልከፈለ መካሪ ሥልጣን የለውም።

በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ነው። በማርች 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰዎች ገደለ፤ ድርጅቶቹ ታገዱ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪ የነበረው አልበርት ሉቱሊ የሰላም ኖቤል ሽልማቱን በዲሴምበር 10 ቀን 1961 ተቀበለ፤ በስድስተኛው ቀን የማንዴላና የጓዶቹ የትጥቅ ክንፍ የመጀመሪያ ጥቃቱን ፈጸመ። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ልጆች ነበሩ፤ አንዳቸውንም ከሃዲ ማለት አልችልም።

አሰላሳይ

ዘካሪ ስለ ኮሶቮ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ የሚያሳፍረውም ሩጎቫን አይደለም። ስለ ደቡብ አፍሪካ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አፓርታይድን በመጨረሻ ያንገዳገደው የትጥቅ ክንፉ ያፈነዳው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሳይሆን በ1980ዎቹ በየሰፈሩ የተደራጀው ሕዝብ፣ የሠራተኞች አድማ፣ ከነጭ ነጋዴዎች ላለመግዛት የተደረገው ስምምነትና ከውጭ የመጣው ማዕቀብ ይመስለኛል። ነጭ ባለ ሱቅ ገበያው ሲቀዘቅዝበት መንግሥቱን እንዲደራደር ይጎተጉት ጀመር። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ በትጥቅ ትግሉ የተሰዉትን ሰዎች ለማሳነስ የተባለ አይደለም።

ሐና

እስካሁን ውይይቱ ሁሉ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» በሚለው ላይ ስለተሽከረከረ፣ ፍጹም ፓሲፊስት ስለሆነ ሰው አንድ ቃል የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ እንዲህ ያለ እምነት ስላለኝ ልናገር።

ፍራንዝ ያገርሽቴተር የተባለው ኦስትሪያዊ ገበሬ ለሂትለር ጦር አልዋጋም ብሎ በኦገስት 9 ቀን 1943 አንገቱ ተቆረጠ። ሚስቱና ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ቀሩ። ካህናት ሳይቀሩ ስለ ቤተሰብህ ስትል ታዘዝ ብለውት ነበር። በእርሱ እምቢታ ጦርነቱ በአንድ ቀን እንኳ አላጠረም። በቆጣሪ መዝገብ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ የለም። እርሱ ግን ለማሸነፍ አልነበረም እምቢ ያለው፤ የማይደረግ ነገር ስላለ ነው። የሞሪዮሪ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ይመስሉኛል፤ ዘካሪ እንደ ውድቀት ምሳሌ ሲያቀርቧቸው ልቤ ያዘነው ስለዚህ ነው። ተሸንፈዋል፤ አልተሳሳቱም።

ደግሞም የተቃራኒው መንገድ ምን ያህል እንደሚከብድ ዲትሪሽ ቦንሆፈርን ማየት ይበቃል። ወደ ፓሲፊዝም ያዘነበለ የሃይማኖት መምህር ሆኖ ሳለ ሂትለርን ለመግደል ካሴሩት ጋር ተባበረ፤ በ1945 ተሰቀለ። ነገር ግን ግድያው ንጹሕ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ በደልን በገዛ ራሱ ላይ መሸከም እንዳለበት ያምን ነበር። ኃይልን የሚመርጥ ሰው ሁሉ ቢያንስ እንዲህ ቢከብደው እመኛለሁ።

በ1994 በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ወቅት የሰላም አስከባሪ ወታደሮች ለቀው ሲወጡ ሴኔጋላዊው ሻምበል ምባይ ዲያኝ ያለ መሣሪያ የተመደበ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢ ነበር። ሰዎችን በመኪናው እየደበቀ፣ ገዳዮቹ በቆሙባቸው ኬላዎች በኩል እየተነጋገረ፣ ሲጋራ እየሰጠ፣ እየቀለደ ያሳልፍ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አዳነ። በሜይ 31 በሞርታር ፍንጣሪ ተገደለ። ዘር ማጥፋቱን አላስቆመም፤ ያስቆመው ሠራዊት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ በሕይወት የተረፈችን አንዲት ሴት የእርሱ መንገድ ይሠራ ነበር ወይ ብለን ልንጠይቃት አንችልም።

አንዲት እናት

ሐና፣ ከእርስዎ ጋር ባልስማማም ጽሑፍዎን ለልጄ አነበብኩለት። አሁን የቀድሞውን ወታደር አንድ ነገር ልጠይቅ። ጠመንጃውን መሬት ላይ ያስቀመጠው ጓደኛዎ ምን ሆነ?

የቀድሞ ወታደር

ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ሳነሣው ያልጨረስኩት ሊጠየቅ ይገባል ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በፌብሩዋሪ 1986 በማኒላ የመከላከያ ሚኒስትሩና አንድ ከፍተኛ የጦር መኮንን ከፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ከማርኮስ ሲለዩ፣ ካርዲናል ሲን በሬዲዮ ሕዝቡን ወደ ጦር ሰፈሮቹ ጠሩ። ሕዝቡ ጎዳናውን ሞላ፤ መነኮሳይያት በታንክ ፊት ተንበርክከው ጸለዩ፤ ለወታደሮቹ ምግብ፣ ውኃና አበባ ሰጧቸው። በአራት ቀን ውስጥ ማርኮስ አገር ለቀቀ። እኔ ያንን ፎቶግራፍ ሳይ የማየው አበባውን አይደለም። ከታንኩ የሚወርደው ወጣት ሲወርድ የሚቀበለው ሰው ነበረ፤ ከእምቢታው በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነበረው። አሰላሳይ «የተበዳዩ እጅ እስከ ወታደሩ ይደርሳል ወይ?» ብለው ነበር። የሚደርሰው እንዲህ ሲሆን ይመስለኛል። ሰላማዊ ትግል የሚያቅዱ ሰዎች ስለ ሰልፈኛው ጠበቃ ያስባሉ፣ ስለ ቁስለኛው ሐኪም ያስባሉ፤ እምቢ ስለሚለው ወታደር ደመወዝ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለሚደበቅበት ቤት ግን ሲያስቡ አላየሁም። እኔ ጠመንጃዬን ያላስቀመጥኩት ስላመንኩበት አልነበረም፤ ባስቀምጠው ከዚያ በኋላ የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ነው።

ጓዴ ታሰረ። ሲፈታ ከሠራዊቱ ተባርሮ ነበር፤ ለዓመታት የቀን ሥራ ሠራ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። በዚያን ቀን ፊታችን ተቀምጠው ከነበሩት ሴቶች መካከል መጥታ የጠየቀችው ሰው አለች ወይ አልኩት። የለችም አለኝ። አልተቀየማቸውም። የተቀመጡት ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ስለነበር ማን ጠመንጃውን እንዳስቀመጠ አላዩም ይሆናል አለኝ።